ከፋሲካ ሌሊት በኋላ

ልጆቼ፣

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ከ30 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጽኑ ሕሙማን ክፍል። ስለ ትንሣኤ የምጽፍላችሁ ነገረ መለኮት ስለተማርኩ አይደለም። ሞትን ደጋግሜ በቅርብ ስላየሁት ነው። ቁምስና ውስጥ፣ ማለትም በአንዲት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያ ውስጥ፣ ስላረጀሁም ነው።

ልቡ ቀጥ ያለ ሰው ሲመለስ አይቻለሁ። ደረቱን በሁለት እጃችን እየተጫንን፣ አንዱ ሲደክመው ሌላው እየተተካ፣ ላባችን እየተንጠባጠበ ቆይተን ድንገት ሞኒተሩ ላይ መስመሩ ከፍ ዝቅ ማለት ሲጀምር፣ ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ የያዝነውን ትንፋሽ እኩል ነው የምንለቀው። ደስታው አይነገርም። ግን ያ ሰው ሌላ ቀን ይሞታል። ከአምስት ዓመት በኋላ ይሁን ከሃያ፣ ይሞታል። አልዓዛርም እንደዚያው ነው። ከመቃብር ወጣ፣ መግነዙን ፈቱለት፣ ወደ ቤቱ ገባ፤ ግን ያው ሟች ሰው ሆኖ ነው የገባው።

የክርስቶስ ትንሣኤ ይህ አይደለም። ይህን ነገር በደንብ ያዙልኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሲያስበው «ሞቶ ነበር፣ ነቃ» ብሎ ነው። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ክርስቶስ ዳግመኛ አይሞትም፣ ሞት ከእንግዲህ አይገዛውም ነው ያለው። ወደ ኋላ አልተመለሰም። በሞት ውስጥ አልፎ ወደ ፊት ነው የሄደው። እኔ የማውቀው ሕክምና ሁሉ ሞትን ያዘገያል፤ ይህ ግን ሞትን ያሸንፋል። ለቆሮንቶስ ሰዎች ደግሞ ክርስቶስ ካልተነሣ ስብከታችን ከንቱ ነው፣ እምነታችሁም ከንቱ ነው ብሎ ቁርጡን ነገራቸው። እኔም ቁርጡን ልንገራችሁ፤ ይህ እውነት ካልሆነ እሑድ ጠዋት ቤታችሁ ብትተኙ ይሻላል።

እውነት ከሆነስ? እዚህ ላይ ነው ቁምስና የሚመጣው።

የትንሣኤውን ታሪክ በአራቱም ወንጌላት ደጋግሜ አንብቤ አንድ ነገር ለማስተዋል ዓመታት ፈጅቶብኛል። የተነሣው ጌታ የተገለጠለትን ሰው ሁሉ ወደ ሌሎች ይልከዋል። መግደላዊት ማርያም መቃብሩ ደጃፍ ብቻዋን ቆማ ታለቅስ ነበር። አትክልተኛው መሰላት። በስሟ ሲጠራት ነው ያወቀችው። እንደዚያ ዓይነት ሰዓት ላይ ማን ከዚያ ቦታ መነቃነቅ ይፈልጋል? እግሩ ሥር ብትቀመጥ ደስታዋ ነበር። እሱ ግን አትያዢኝ፣ ይልቅ ወደ ወንድሞቼ ሄደሽ ንገሪያቸው አላት። ቤተ ክርስቲያን «የሐዋርያት ሐዋርያ» የምትላት ለዚህ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስም እ.ኤ.አ. በ2016 መታሰቢያዋ እንደ ሐዋርያት በበዓል ደረጃ እንዲከበር ያደረጉት ለዚሁ ነው።

ወደ ኤማሁስ መንደር ይሄዱ የነበሩትን ሁለት ደቀ መዛሙርት ደግሞ አስቡ። ተስፋ ቆርጠው ከኢየሩሳሌም እየራቁ ነበር፤ መንገዱ ወደ 11 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የተነሣው ጌታ መንገድ ላይ ተቀላቀላቸው፣ ግን አላወቁትም። እንግዳውን «መሽቷል፣ ከእኛ ጋር እደር» ብለው የለመኑት እነሱ ናቸው። ኅብስቱን ሲቆርስ አወቁት፣ ከዓይናቸውም ተሰወረ። ከዚያስ? ያው «መሽቷል» ያሉት ሰዎች በዚያችው ሰዓት ተነሥተው፣ በጨለማ፣ ያንኑ መንገድ ወደ ኋላ ተመለሱ። ወደ ሌሎቹ። እኔ ይህችን ክፍል ሳነብ ሁልጊዜ የምገረመው በእግራቸው ነው።

ቶማስን ሁላችንም በጥርጣሬው ነው የምናነሳው። የእኔ አስተያየት ግን ትንሽ ይለያል። ዮሐንስ በመጀመሪያ የሚነግረን ቶማስ መጠራጠሩን አይደለም፤ ኢየሱስ በመጣ ጊዜ ከእነሱ ጋር እንዳልነበረ ነው። ከስምንት ቀን በኋላ ጌታ ሲመለስ ቶማስን ለብቻው ቤቱ ድረስ ሄዶ አላገኘውም፤ ሌሎቹ በተሰበሰቡበት፣ በሩ እንደተዘጋ መጣለት። ደግሞ ሌሎቹን እዩአቸው። «ካላየሁ አላምንም» ያላቸውን ሰው አላባረሩትም። ስምንት ቀን ቆይቶ አብሯቸው ነው የተገኘው። ከእናንተ መሀል ጥርጣሬ የያዛችሁ ካላችሁ፣ እንዳላችሁም አውቃለሁ፣ ጥርጣሬያችሁ እስኪያልቅ ቤት አትጠብቁ። ይዛችሁት ኑ። ቶማስ «ጌታዬ አምላኬም» ያለው ብቻውን አስቦ አስቦ ሲጨርስ አይደለም።

እስቲ አሁን የፋሲካን ሌሊት አስታውሱት። ይህ ሥርዓት በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ለብዙ መቶ ዓመታት ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ጥቂት ሰው ባለበት ነበር የሚፈጸመው። እ.ኤ.አ. በ1951 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ወደ ሌሊቱ እንዲመለስ ፈቀዱ፤ በ1955 ደግሞ የሕማማት ሳምንቱ ሥርዓት በሙሉ ታደሰ። መመለሱ ትልቅ ነገር ነው። በጠራራ ፀሐይ ሻማ ይዞ «የክርስቶስ ብርሃን» ቢባል ማን ልብ ይላል?

ውጭ እሳት ይነድዳል። ካህኑ ትልቁ ሻማ ላይ መስቀል፣ አልፋና ዖሜጋ፣ ከዚያ የዓመቱን አራት አኃዞች ይቀርጻል። በአምስቱ ቁስሎች አምሳል አምስት የዕጣን ፍሬ ይሰካበታል። እነዚያን አራት አኃዞች ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? የተጻፈው ጌታ የተነሣበት ዓመት አይደለም። የዘንድሮው ነው። ፈተና የወደቃችሁበት፣ ሥራ ያጣችሁበት፣ አያታችሁን የቀበራችሁበት ዓመት ሻማው ላይ ተቀርጾ ወደ ጨለማው ቤተ ክርስቲያን ይገባል። ሦስት ጊዜ ቆም እያለ «የክርስቶስ ብርሃን» ይባላል፣ እኛም «እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን፣ ብርሃኑም ወደ ኋላ ይተላለፋል። አብዛኞቻችን ከትልቁ ሻማ በቀጥታ አናበራም። እዚያ ድረስ የሚደርሰው ጥቂት ሰው ነው። እኛ የምናበራው አጠገባችን ከቆመው ሰው፣ ብዙ ጊዜ ስሙን እንኳ ከማናውቀው ሰው ነው። እሱም የሻማውን ነበልባል በእጁ ከልሎ፣ ሰሙ ጣቱ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ወደ እናንተ ዘንበል ይላል።

አንድ የፋሲካ ሌሊት እኔ ተረኛ ነበርኩ። ቤተ ክርስቲያን መግባት ባለመቻሌ ከፍቶኝ ነበር። አንድ በዕድሜ የገፉ የቁምስናችን ሰው እኔ ክፍል ተኝተው ነበር፤ ሐኪሞቹ ከእንግዲህ የሚደረግ ነገር የለም ብለዋል። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ ሁለት ወጣቶች መጡ። አንድ ልጅና አንዲት ልጅ፣ ከመዘምራኑ። ልብሳቸው ጭስ ጭስ ይላል። የመጠየቂያ ሰዓት አልነበረም፤ አስገባኋቸው።

ሰውየውን በቅጡ አያውቋቸውም። የሕሙማን ስም ዝርዝር ላይ አይተዋቸው፣ በዚያ ሌሊት ጸሎትም ስማቸው ሲጠራ ሰምተው ነው የመጡት። «ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ነበር የሚቀመጡት» አለችኝ ልጅቷ፤ የምታውቀው ያን ያህል ነው። ሻማቸውን ይዘዋል። ልጁ ክብሪት አወጣ። «አይሆንም ልጄ» አልኩት፤ ኦክስጅን እየወሰዱ ነበር፣ እዚያ ክፍል ውስጥ እሳት መጫር ማለት ሁላችንንም ማቃጠል ነው። ሁለቱም ግራ ገብቷቸው ቆሙ። ከዚያ ልጅቷ ያልበራውን ሻማ፣ ክሩ የጠቆረውን፣ ጎኑ ላይ ሰም የወረደበትን፣ መዳፋቸው ላይ አኖረችና ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጠፈችላቸው። ሰውየው ቀስ ብለው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉትና አሸተቱት።

«ሃሌ ሉያው ተዘመረ?» አሉ።

«ሦስቴ» አለች።

ዐቢይ ጾምን በሙሉ ዝም የተባለው ሃሌ ሉያ በዚያ ሌሊት ነው ሦስት ጊዜ፣ እያንዳንዱ ካለፈው ከፍ ባለ ድምፅ የሚመለሰው። ዘምሪልኝ አላሏትም። ራሷ ጀመረች፤ ሌላው በሽተኛ እንዳይነቃ በሹክሹክታ። ልጁም ተከተላት። እኔ የመድኃኒት ጋሪውን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። በዚያ ሌሊት ፋሲካዬ ያ ነበር፤ ከገባሁባቸው ሌሊቶች ሁሉ አይተናነስም።

ወጣቶች ስትባሉ ቁምስናው ሁልጊዜ ጉልበታችሁን ነው የሚፈልገው፤ ወንበር ማንሳት፣ ድምፅ ማጉያ መግጠም። እሱም ጥሩ ነው። ግን እነዚያ ሁለት ልጆች ትንሣኤ ለአንድ ቁምስና ምን ማለት እንደሆነ ገብቷቸው ነበር። ሌሊቱን ተቀብለው ለራሳቸው አላስቀሩትም።

በቁምስና መጎዳትም አለ። ይህን ሳልነግራችሁ ብተው ልክ አይሆንም። እኔ በአንድ ስብሰባ ላይ በተነገረኝ ቃል ተቀይሜ አንድ ዓመት ተኩል ከቁምስናዬ ርቄያለሁ። ተናጋሪው ትክክል አልነበረም፤ እኔም መልስ ስሰጥ ልክ አልነበርኩም። በዚያን ጊዜ የጠቀመኝ የዮሐንስ ወንጌል መጨረሻ ነው። ጴጥሮስ ጌታውን የካደው የፍም እሳት አጠገብ እየሞቀ ነበር። ከትንሣኤ በኋላ ኢየሱስ ባሕሩ ዳር ሲጠብቀው ምን አዘጋጅቶ ነበር? የፍም እሳት። ያንኑ ሽታ አሽትቶ፣ ያንኑ ሙቀት እየሞቀ፣ ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» ተባለ። አልተሸፋፈነለትም። ግን «በጎቼን አሰማራ» ተባለ። የተነሣው ጌታ ራሱ የችንካሩን ምልክት እጁ ላይ ይዞ ነው የታየው። ስለዚህ ቁስል የሌለበት ቁምስና አትፈልጉ። እኔ በአንድ እሑድ ፈራ ተባ እያልኩ ስመለስ አንዲት አሮጊት ምንም ሳይጠይቁኝ ቦርሳቸውን ከአግዳሚው አንስተው ቦታ ለቀቁልኝ። ከዚያ ሰውዬ ጋር ለመታረቅ ሌላ አራት ወር ፈጅቶብኛል።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስን ታስታውሳላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ በሳንባ ሕመም 38 ቀን ሆስፒታል ተኝተው ወጡ። ሐኪሞቹ ሁለት ወር እንዲያርፉ ነበር ያዘዙት። እንደ ነርስ ብትጠይቁኝ እኔም ያንኑ ነበር የምለው። የ88 ዓመቱ አዛውንት ግን በፋሲካ እሑድ፣ አፕሪል 20፣ ሰገነቱ ላይ ወጡ፤ በተቆራረጠ ድምፅ መልካም ፋሲካ ብለው ባረኩ፤ ከዚያ በመኪና ወርደው በአደባባዩ በሕዝቡ መሀል ዞሩ። በማግስቱ ጠዋት ዐረፉ። ቴሌቪዥን ላይ ፊታቸውን ሳየው ሰውነታቸው ምን ያህል እንደደከመ ገብቶኝ ነበር። እሳቸውም ሳይገባቸው አይቀርም። በዚያ ድካም ውስጥ ሆነው ወደ ሰዉ ነው የሄዱት።

ፋሲካ አንድ ቀን አይደለም፣ እስከ ጰራቅሊጦስ 50 ቀን ነው። ዐቢይ ጾምን 40 ቀን ተጠንቅቀን ይዘን ደስታውን በአንድ ቀን መጨረሳችን ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። በሌሊቱ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ሰው ደጅ ይቆማል፤ በሚቀጥለው እሑድ ግማሹ አግዳሚ ባዶ ነው። ያ እሑድ ደግሞ የቶማስ ወንጌል የሚነበብበት እሑድ ነው። በእኔ ግምት ከሁሉም በላይ የሚጎዱት አዲሶቹ ተጠማቂዎች ናቸው። ወራት ተምረው፣ በዚያ ሌሊት ተጠምቀው፣ ተቀብተው፣ ቅዱስ ቁርባን ተቀብለው፣ ሁሉም አጨብጭቦላቸው፣ በሳምንቱ ሲመጡ ግን የሚያናግራቸው የለም። ብዙ አልጠይቃችሁም። በዚያ እሑድ ኑ። አንዳቸውን ፈልጉና አጠገባቸው ተቀመጡ፣ ስማቸውንም ያዙ። ከቻላችሁ ደግሞ ቆሞሱን፣ የቁምስናውን ካህን፣ የሕሙማኑን ስም ጠይቁና አንዱን ብቻ ውሰዱ። አንዱን፣ ግን እስከ መጨረሻው።

ያ ሻማውን ያሸተቱት የእኔ ክፍል ሰውዬ በፋሲካ ማክሰኞ ዐረፉ። ሐሙስ ለፍትሐቱ ሄድኩ። ትልቁ የፋሲካ ሻማ አስከሬናቸው አጠገብ በርቶ ነበር፤ ቅዳሜ ሌሊት የጥምቀቱ ውሃ ውስጥ የተነከረው ያው ሻማ። ገና ረጅም ነው፣ የዓመቱ አኃዞች በደንብ ይነበባሉ። ሁለቱ ልጆች ከመዘምራኑ ጋር ቆመው ነበር።

እሑድ ከአዲሶቹ ተጠማቂዎች አንዷ ዘግየት ብላ ገባችና ዙሪያዋን አየች፤ ከዚያ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ፣ የእሳቸው ቦታ ላይ ተቀመጠች። የማን እንደነበር አታውቅም። የመዘምራኗ ልጅ አየቻት፤ የመዝሙር መጽሐፏን ዘግታ ወርዳ አጠገቧ ተቀመጠች።