በዴስክቶፕ ላይ የራስን ግራፍ መሥራት፦ ጥያቄና መልስ

ሲፒዩው ምን ያህል እንደተጨናነቀ፣ ኢንተርኔቱ ስንት እየጎተተ እንደሆነ በስክሪን ጥግ የምታሳይ ትንሽ ግራፍ። የዛሬው ጥያቄና መልስ ስለ እሷ ነው። እኔ የምሠራው በፓይተንና በኪዩት ነው፤ ኪዩት መስኮትና በተን መሥሪያ ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ነው፣ ከፓይተን ጋር የሚያገናኘውም ፓይሳይድ 6 ይባላል። ምሳሌዎቼም ከዚያው ናቸው። በሲ ፕላስ ፕላስ የምትጽፉም አትሽሹ፤ የክላሶቹና የሜተዶቹ ስም ያው ነው።

ጥያቄ፦ ስንት ዝግጁ ላይብረሪ እያለ ለምን በእጃችን እንስላለን?

ብዙ ጊዜ መሳልም የለባችሁም። ለሪፖርት የሚሆን ቻርት ከሆነ ማትፕሎትሊብ ይበቃል። ቶሎ ቶሎ የሚታደስ ትልቅ ግራፍ ከሆነ ፓይኪውቲግራፍ አለላችሁ። ኪዩት የራሱ ቻርት አለው፤ በነፃ የሚሰጠው ግን «ኮዳችሁን ክፈቱ» በሚለው የጂፒኤል ፈቃድ ስለሆነ ኮዳችሁን ዘግታችሁ ለመሸጥ ካሰባችሁ ያስቸግራችኋል። የራሳችሁን የምትጽፉት መልኩ ሙሉ በሙሉ በእጃችሁ እንዲሆን ስትፈልጉ ነው። ለአንዲት ትንሽ መስመር ያን ሁሉ ላይብረሪ ተሸክሞ መዞርም ደስ አይልም።

ጥያቄ (ከአንዲት ተማሪ)፦ ጀማሪ ነኝ። ከየት ልነሣ?

ኪውዊጀት የሚባለውን ክላስ ወርሰሽ ፔይንትኢቨንት የሚባለውን ሜተድ ራስሽ ጻፊው። ዊጀቱ (ስክሪን ላይ የሚታየው ክፍል፣ እዚህ ግራፍሽ) መሳል ባስፈለገው ቁጥር ኪዩት ይጠራዋል። ውስጡ መሳያውን፣ ኪውፔይንተርን፣ ትከፍቺና ትስያለሽ። ይሄ ቀላሉ ነው። ከእሱ በፊት ግን ቁጥርን ወደ ፒክስል የሚቀይር አንድ ፈንክሽን ጻፊ።

ስክሪን ላይ ዜሮ ያለው ከላይ በግራ ጥግ ነው። ዋይ (የቁመቱ ልክ) የሚያድገው ወደ ታች ሲወርድ ነው። ስለዚህ መገልበጥ አለብሽ። የግራፉ ቁመት 200 ፒክስል፣ ዳታው ከ0 እስከ 100 ነው እንበል። 75ን ለማስቀመጥ 75ን ለ100 አካፍለሽ በ200 ታባዣለሽ፤ 150 ይመጣል። እሱን ከ200 ስትቀንሺ 50። ነጥቡ ከላይ 50 ፒክስል ወርዶ ይቀመጣል። ዳታው ከዜሮ የማይጀምር ከሆነ መጀመሪያ ትንሹን ቁጥር ቀንሺ፤ አካፋዩም የትልቁና የትንሹ ልዩነት ይሁን። ሁሉም ዋጋ እኩል ሲሆን ልዩነቱ ዜሮ ይሆናል፣ ፕሮግራሙም በዜሮ ሊያካፍል ሲል ይወድቃል። ያኔ ልዩነቱን 1 በይው።

ይሄ ሒሳብ ከአንድ ቦታ ውጭ አይጻፍ። ማውሱ ያረፈበትን ዋጋ ላሳይ፣ ዙም ላድርግ፣ ዳርና ዳር ክፍተት ልተው ስትዪ የምትነኪው እሱን ብቻ ነው። «ይሄ ግራፍ አልስተካከል አለኝ» የሚል ሰው ኮዱን ሲያሳየኝ፣ ሒሳቡ እዚህም እዚያም ተበትኖ ነው የማገኘው።

ጥያቄ፦ በተኑ ሲጫን መስመር እንዲስል ኪውፔይንተር ከፈትኩ። ምንም አይታይም፣ ማስጠንቀቂያ ብቻ ይጽፋል።

ዊጀት ላይ የሚሳለው ከፔይንትኢቨንት ውስጥ ብቻ ነው። በተኑ ዳታውን ይቀይርና አፕዴትን ይጥራ። አፕዴት እዚያው አይስልም፤ መሳል እንደሚያስፈልግ ይመዘግባል። ደጋግመህ ብትጠራውም ኪዩት አጠቃልሎ አንዴ ይስላል። ወዲያው የሚስለውን ሪፔይንትን እርሳው።

ጥያቄ፦ ሊኑክስ ላይ ፕሮክ ስታት የሚባለውን ፋይል እያነበብኩ የሲፒዩ ግራፍ ሠራሁ። መስመሩ ወደ ላይ ብቻ ይሄዳል።

እዚያ ያሉት ቁጥሮች ኮምፒውተሩ ከተነሣ ጀምሮ የተጠራቀሙ ናቸው። እንደ መብራት ቆጣሪ ቁጠረው፤ የምትከፍለው ካለፈው ንባብ ወዲህ ያለውን ነው። ሁለት ንባብ ወስደህ አቀናንስ። የሥራ ፈቱ ጊዜ፣ አይድል የሚባለው፣ ከጠቅላላው ልዩነት ስንት በመቶ እንደሆነ አስላና ከ100 ቀንሰው። የኔትወርክ ባይትም እንደዚሁ ነው፤ እሱን ግን በመካከል ላለፈው ጊዜ ታካፍለዋለህ። ታይመሩን 1000 ሚሊሰከንድ ብትለውም ትንሽ ወዲህ ወዲያ ይላልና ያለፈውን ጊዜ ራስህ ለካ።

ፒኤስዩቲል የሚባለውን የፓይተን ላይብረሪ ከተጠቀምክ የሲፒዩውን ማቀናነስ ይሠራልሃል። ሳያስጠብቅ እንዲመልስ አድርገህ ስትጠራው የመጀመሪያው መልስ 0.0 ነው፤ ትርጉም የለውምና ጣለው። ለማከማቻ ደግሞ ዴክ የሚባለውን የፓይተን ዝርዝር በ300 ገደብ ክፈት። በየሰከንዱ ካነበብክ 5 ደቂቃ ይይዛል፣ ሲሞላ አሮጌው ራሱ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ተጠቃሚው ቀለሙን፣ ውፍረቱን፣ ሁሉንም እንደፈለገ እንዲቀይር እፈልጋለሁ። እንዴት ላዋቅረው?

«ሁሉንም» የሚለውን ተወው። አርባ አማራጭ የተደረደረበትን ሴቲንግ ከፍቶ የሚዘጋው እንጂ የሚነካው ሰው የለም። ለእኔ አምስት ነገር ይበቃል፦ የመስመሩ ቀለም፣ ውፍረቱ፣ ከመስመሩ ሥር የሚሞላው ቀለም፣ የሚታየው የጊዜ ርዝመት፣ እና የዋይ ልኩ ቋሚ ይሁን ወይስ ራሱን ያስተካክል የሚለው።

እያንዳንዱን የኪዩት ፕሮፐርቲ፣ ማለትም ስም ያለው የዊጀቱ ባሕርይ፣ አድርገው። መቀየሪያ ሜተዱ አዲሱን ዋጋ ይቀበላል፣ አፕዴትን ይጠራል፣ አለቀ። ፔይንትኢቨንት ውስጥ በቀጥታ የተጻፈ ቀለም እንዳይኖር። ፕሮፐርቲ ከሆነ በስታይልሺትም (መልክን በሚገልጸው ጽሑፍ) ኪውፕሮፐርቲ በሚል መነሻ ዋጋ መስጠት ይቻላል፤ የድረ ገጽ መልክ መጻፊያውን ሲኤስኤስ የለመደ ሰው ፓይተን ሳይነካ መልኩን ይለውጠዋል። አንድ ወጥመድ ግን አለ። በዚህ መንገድ የተሰጠ ዋጋ የሚነበበው ዊጀቱ መጀመሪያ ሲዘጋጅ አንዴ ብቻ ነው። ማውስ ሲያርፍበት ቀለሙ ይቀየር ብለህ እዚያ ብትጽፍ አይሆንም፣ ከኮድ ነው የሚሠራው።

መነሻ ቀለሞቹን ከሲስተሙ ፓሌት (የቀለም ስብስብ) ውሰድ። ጥቁር ጽሑፍ በእጅህ ከጻፍክ ዳርክ ሞድ ላይ ምንም አይነበብም። የተጠቃሚውን ምርጫ በኪውሴቲንግስ አስቀምጥ፤ ዊንዶውስ ላይ ሬጂስትሪ ውስጥ፣ ሊኑክስ ላይ ፋይል ውስጥ ይጽፍልሃል።

ተከታይ ጥያቄ፦ ቀለሙን እየመረጠ እያለ ግራፉ ወዲያው ቢለወጥስ?

ቆንጆ ሐሳብ ነው። ኪውከለርዳያሎግ፣ ቀለም መምረጫው መስኮት፣ ምርጫው በተለወጠ ቁጥር ሲግናል (የኪዩት መልእክት) ያወጣል። ከመቀየሪያ ሜተዱ ጋር አገናኘው። የድሮውን ቀለም ግን ያዘው፤ ካንስል ካለ ትመልስለታለህ።

ጥያቄ (ከአንዲት የላብራቶሪ ሶፍትዌር ሠሪ)፦ 100,000 ነጥብ አለኝ፣ መስኮቱን ሳሰፋው ይንቀራፈፋል።

ግራፍሽ 800 ፒክስል ስፋት ካለው በአንድ ዓምድ 125 ነጥብ እየደረደርሽ ነው። ዓይን አያየውም፣ ሲፒዩው ግን ይከፍላል። ለእያንዳንዱ ዓምድ ትንሹንና ትልቁን ዋጋ ብቻ አስቀሪ። 1,600 ነጥብ ይሆናል፣ መልኩም ያው ነው። አማካይ እንዳትወስጂ! ለቅጽበት ብልጭ ያለችው ጫፍ ትጠፋለች፤ ላብራቶሪ ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ የምትፈለገው እሷ ናት።

ነጥቦቹን አንድ በአንድ በመስመር ከማገናኘት ድሮውፖሊላይንን አንዴ ጥሪ። የብዕሩን ውፍረትም ፈትሺ። ጠርዝ ማለስለሻው በርቶ ከ1 ፒክስል የወፈረ ረጅም መስመር ፍጥነቱን በጣም ይገድለዋል። ዘንጉንና ፍርግርጉን አንዴ ኪውፒክስማፕ በሚባል ምስል ላይ ስለሽ አስቀምጪ፤ መጠኑ ወይም ልኩ ሲቀየር ብቻ ድጋሚ ይሳል።

ጥያቄ፦ ዳታ በሌላ ትሬድ (ጎን ለጎን በሚሮጥ የፕሮግራሙ ክፍል) እያነበብኩ ዊጀቱን ከዚያው አድሰዋለሁ። አልፎ አልፎ ክራሽ ያደርጋል።

ዊጀት የሚነካው ከዋናው ትሬድ ብቻ ነው። ዳታውን በሲግናል ላከው።

ጥያቄ፦ የዋይ ልኩ ራሱን ሲያስተካክል ግራፉ ይዘላል፣ ዓይን ያደክማል። ቁጥሮቹም 37.4፣ 74.8 ዓይነት ናቸው።

የቁጥሩ መድኃኒት የታወቀ ነው። እርምጃው 1፣ 2 ወይም 5፣ ወይም እነዚህ በ10፣ በ100 የተባዙ ይሁኑ። ትልቁ ዋጋ 187 ቢሆንና አራት አምስት መስመር ቢበቃህ እርምጃው 50፣ ጣሪያው 200 ይሆናል። ለመዝለሉ ደግሞ ጣሪያው ሲያድግ ወዲያው ይደግ፣ ሲቀንስ ግን ይዘግይ። ዋጋው ለተወሰኑ ሰከንዶች ከጣሪያው ግማሽ በታች ካልቆየ አታውርደው።

ጥያቄ፦ በአማርኛ ስጽፍ አንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ባዶ ሳጥን ይወጣል። ሰዓቱንስ በእኛ አቆጣጠር ማሳየት ይቻላል?

ሳጥኑ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት በማሽኑ ላይ አለመኖሩ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ከፕሮግራምህ ጋር አብረህ ላክና በኪውፎንትዳታቤዝ ጫነው። የጽሑፉን ስፋት በፊደል ብዛት አትገምት፤ በኪውፎንትሜትሪክስ ለካው። ፊደላችን ሰፋ ስለሚል ለእንግሊዝኛ የበቃው ክፍተት ጫፉን ይቆርጥብሃል።

ሰዓቱ ይቻላል። ዳታውን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) አስቀምጥ፣ የምትቀይረው ዘንጉ ላይ ስትጽፍ ብቻ ይሁን። ከዩቲሲ 3 ስትቀንስ የሀበሻ ሰዓት ይመጣል፦ ዩቲሲ 4 ሰዓት የጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ከ12 ሲያልፍ 12 ቀንስ፣ ዜሮ ወይም ኔጋቲቭ ሲመጣ 12 ደምር። ለቀኑ ግን ኪውካሌንደር የእኛን አቆጣጠር አያውቅም፤ መቀየሪያውን ራስህ ትጽፋለህ። የወር ምልክት ስታደርግ ጳጉሜን እንደሌሎቹ ወሮች 30 ቀን ያህል አታስፋት፣ 5 ወይም 6 ቀን ናት።

ጥያቄ፦ ግራፉ ከሌላው መስኮት ሁሉ በላይ፣ ያለ ጠርዝ፣ ጀርባው አሳላፊ ሆኖ ጥግ ላይ እንዲቀመጥስ?

ዊንዶውስ ላይ ፍሬምለስ፣ ስቴይስ ኦን ቶፕ እና ትራንስሉሰንት ባክግራውንድ የሚሉትን ሦስቱን አብራቸው፣ ይሠራል። ሊኑክስ ላይ መስኮቶችን በሚያስተዳድረው በቆየው ኤክስ 11 ከሆንክም እንዲሁ። በአዲሱ፣ ዌይላንድ በሚባለው ላይ ግን ፕሮግራሙ የራሱን ቦታ መምረጥ አይችልም። ሌየር ሼል የሚባል ተጨማሪ ፕሮቶኮል ኬዲኢና ስዌይ በሚባሉት የሊኑክስ ዴስክቶፖች ላይ አለ፤ ጂኖም የሚባለው ዴስክቶፕ ግን አይደግፈውም። ጂኖም ላይ ያለህ መንገድ የሼሉን ኤክስቴንሽን መጻፍ ነው፤ እሱም በጃቫስክሪፕት ነው።