ሱቁ መቼ ይከፈት?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ አልሚ ድርጅት ውስጥ ጀማሪ የከተማ ፕላን ባለሙያ ነኝ። ከከተማ ዳርቻ 200 ሄክታር ላይ መኖሪያ፣ ቢሮ፣ ሱቅና ትምህርት ቤት ያለው ቅይጥ መንደር እያቀድን ነው። አለቆቼ «መጀመሪያ ቤቱን እንሽጥ፤ ሰው ሲገባ ሱቁም ትራንስፖርቱም ራሱ ይመጣል» ይላሉ። እኔ አልተዋጠልኝም። ግን መከራከሪያ አጣሁ።

መልስ፦ እኔ በአንተ ዕድሜ ውጬው ነበር። ያኔ በሠራሁበት ሳይት ልክ እንደ አለቆችህ አሰብን። ቤቱ አለቀ፣ ሰው ገባ። ሱቅ የለም። አውቶቡሱ የሚያልፈው ሩቅ ባለው ዋና መንገድ ነው። ብዙም ሳይቆይ ግራውንድ ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት የመኝታ ቤታቸውን መስኮት ሱቅ አደረጉት። በፍርግርጉ ሻማና ባትሪ ይሸጣሉ። ትልቁ ሳሙና አላልፍ ሲላቸው በቢላ ለሁለት ከፍለው ይሰጣሉ። ማታ ማታ ሰልፍ ነበር። እኛ ደግሞ ፕላናችን ላይ «የንግድ ማዕከል፣ ምዕራፍ 4» ብለን በሮዝ ቀለም ቀብተናል! ምዕራፍ 4 ሲደርስ ሰዉ መኪና ገዝቷል፤ ሌላ ቦታ መገብየት ለምዷል። ሱቆቻችን ተዘግተው ከረሙ።

ለአለቆችህ የቪየናውን ዜሽታት አስፐርን አንሳላቸው። በድሮ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የተሠራ አዲስ ሰፈር ነው፣ 240 ሄክታር ገደማ፤ ስፋቱ ከእናንተው ጋር ይቀራረባል። ሜትሮው የገባው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች የገቡት በ2014። ለአንድ ዓመት ያህል ባቡሩ ክሬን ወደቆመበት ሜዳ ይመላለስ ነበር ማለት ነው። ብክነት ይመስላል አይደል? ሰው ግን መኪና ልግዛ አልግዛ የሚለውን የሚወስነው ገና ዕቃውን ሲያራግፍ ነው። ስቶክሆልም ዳርቻ ያለችው ቬሊንግቢም እንዲሁ ናት፤ ባቡሩ በ1952 ደረሰ፣ ማዕከሏ በ1954 ተመረቀ።

አለቆችህ «ሰው ሳይኖር ማን ሱቅ ይከራያል?» ይሉሃል። እውነታቸውን ነው። ባለሱቁ መጀመሪያ ላይ ይከስራል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሱቆች አትሽጡ። ድርጅቱ በእጁ ይያዛቸው፤ ኪራዩን ከሽያጩ ጋር እያያዘ ያከራይ። አስፐርን ላይም የገበያ መንገዱን ሱቆች በአንድ እጅ ነው የሚያስተዳድሯቸው። አለዚያ ሁሉም ብዙ ወደሚከፍለው ይሄድና መድኃኒት ቤት የሌለው መንገድ ይቀርላችኋል።

ደግሞ ተደስተህ ግራውንዱን ሁሉ ሱቅ እንዳታደርገው። ባዶ መስታወት በየመንገዱ መደርደር ነው ትርፉ። ሱቁን ከአውቶቡስ ወይም ከባቡር ማቆሚያው የ5 ደቂቃ እግር መንገድ በማይርቅ አንድ ጎዳና ላይ ሰብስበው። በሌላው ቦታ የግራውንዱን ጣሪያ 4 ሜትር ግድም ከፍ አድርገው፤ ወለሉም ከመንገዱ ጋር ይስተካከል፣ ደረጃ አይኑረው። ዛሬ ሰው ይኖርበታል፣ ነገ ፀጉር ቤት ይሆናል። አንዴ ዝቅ ብሎ በኮንክሪት የተሞላን ጣሪያ ግን በኋላ ማንም ከፍ አያደርገውም።

ቢሮው ከባዱ ነው። ስለተሳለ ብቻ አይመጣም፤ ትምህርት ቤቱንና ክሊኒኩን አስቀድሙ፣ ቢያንስ እነሱ ጠዋት ጠዋት ሰው ያመጣሉ።

አሁን የምዕራፍ ሰንጠረዡን አውጣ። ሱቁ ምዕራፍ 4 ላይ ካለ፣ ስምንትም ይሁኑ አሥር፣ የተወሰኑትን ወደ ምዕራፍ 1 አስመጣቸው። «ለምን?» ካሉህ የሳሙናውን ታሪክ ንገራቸው።