ለዲዛይን መምህሩ ጥያቄ መልስ፦ የ34 ተማሪዎች ሥራ እንዴት እንደተቆለፈብኝ

በሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት ዲጂታል ሚዲያና ዲዛይን እንዲያስተምሩ መመደብዎን፣ ለሶፍትዌር መግዣ በጀት እንደሌለ መነገርዎን፣ ስለዚህም በኦንላይን በነፃ የሚገኙ ጠቃሚ ምንጮችን እንድንጠቁምዎ መጠየቅዎን አነበብኩ። ከሦስት ዓመት በፊት እኔም የተረከብኩት ይህንኑ ሥራ ስለነበር ያሉበትን ሁኔታ የማውቀው ይመስለኛል፤ ኮምፒውተሮቹ አርጅተዋል፣ ኢንተርኔቱ ከሰዓት በኋላ ይንቀራፈፋል፣ የአይቲ ክፍሉም አንድ ፕሮግራም ለመጫን የሦስት ሰው ፊርማ ይጠይቃል። መሠረታዊውን ነገር እርስዎ ስለሚያውቁት አልፌው በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

1. ሶፍትዌር። ለቬክተር ሥራ (ቢያሳድጉት ጥራቱ ለማይቀንስ፣ በነጥብና በመስመር ለሚሠራ ሥዕል) ኢንክስኬፕ፣ ለሥዕል ክሪታ፣ ለፎቶ ማስተካከያ ጂምፕ ይበቃዎታል። ሦስቱም ምንጫቸው ክፍት ስለሆነ (ኮዳቸው ለማንም በነፃ የተለቀቀ ነው) ክፍያም አካውንትም አይጠይቁም፤ አንዴ ከተጫኑ ደግሞ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይሠራሉ። ከጂምፕ የሚመርጡት እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣውን 3.0 ወይም ከዚያ በኋላ ያለውን ይሁን፤ ቀድሞ ፎቶው ላይ አንድ ማጣሪያ ካሳረፉ በኋላ ቆይተው መጠኑን ማስተካከል አይቻልም ነበር፣ አሁን ግን ይቻላል፤ ጀማሪ ተማሪ ደግሞ ሐሳቡን ደጋግሞ ይቀይራል። መጫን ከተከለከሉ ፎቶፒያን በብራውዘር ይክፈቱ፤ የፎቶሾፕ ፋይሎችን ይከፍታል፣ የሚያስተካክለውም ፋይሉን ወደ ሌላ ሰርቨር ሳይልክ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ብሌንደር ለስሪዲ ሥራ ድንቅ ነው፤ ሆኖም በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ በተማሪ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳይከፍቱት እመክርዎታለሁ።

2. መለማመጃ። ቤዚየር ጌም የተባለው የብራውዘር ጨዋታ የፔን ቱልን (ነጥብ እያስቀመጡ ቀጥታና ጥምዝ መስመር የሚስሉበትን መሣሪያ) አጠቃቀም ከእኔ የሁለት ሰዓት ማብራሪያ በተሻለ ያስተምራል፤ ተማሪው የተሰጠውን ቅርጽ በተቻለ መጠን በጥቂት ነጥቦች ተከትሎ እንዲስል ያስገድደዋል። በዙሪያው 30 ነጥብ እየደረደረ የተወለጋገደ ክብ ይስል የነበረ አንድ ተማሪዬ አራት ነጥብ እንደሚበቃ ባየ ጊዜ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ሲነሣ አስታውሳለሁ። ከርን ታይፕ ደግሞ በፊደላት መካከል ያለውን ክፍተት አስተካክሎ ከ100 ነጥብ ያወጣልዎታል፤ ቃላቱ ግን በላቲን ፊደል ብቻ ናቸው። በግዕዝ ፊደል ለማለማመድ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን ፎንት ከጉግል ፎንትስ አውርደው አንድ ርእስ በኢንክስኬፕ ማስጻፍና ክፍተቱን በእጅ ማስተካከል ይቻላል። «ቀለሙ ያምራል፣ አያምርም» የሚለውን ማለቂያ የሌለው ክርክር የሚገላግለኝ የጽሑፉንና የዳራውን ቀለም ልዩነት የሚለካው የዌብኤይም ድረ ገጽ የንፅፅር መለኪያ ነው፤ ለተለመደ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1፣ ለትልልቅ ፊደላት 3 ለ1 መሆን አለበት፤ ከዚያ በታች ከሆነ ፖስተሩ ተመልሶ ይሠራል።

3. ሥራው የሚቀመጥበት ቦታ። ሦስተኛ ላይ ጻፍኩት እንጂ አንደኛ መሆን የነበረበት ይህ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ስሙን የማልጠራውን አንድ የኦንላይን የዲዛይን መድረክ መርጬ ነበር። ምቹነቱን አልክድም፤ አንዱ ተማሪ በላብ ኮምፒውተር የጀመረውን ሌላው በስልኩ ይቀጥለዋል፣ እኔም ማታ ከቤቴ ሆኜ አስተያየቴን እጽፍበታለሁ። አገልግሎቱ ነፃ የነበረው ለትምህርት ተቋማት ስለሆነ ተማሪና መምህር መሆናችንን የሚያረጋግጥልን የተቋሙ የኢሜይል አድራሻ ነበር። 34 ተማሪዎች በአራት ወራት የሠሩት ፖስተር፣ ሎጎና የመጽሔት ገጽ በሙሉ እዚያ ተከማቸ። እኔም «ሁሉም ነገር በራሱ ሴቭ ይሆናል» እያልኩ በኩራት አስተምር ነበር።

የተማሪዎቹ ዐውደ ርእይ 12 ቀናት ሲቀሩት የአይቲ ክፍሉ በዕረፍት ቀን የሁላችንንም የኢሜይል አድራሻ ቀየረ። ሰኞ ጠዋት ላብ ስንገባ መድረኩ ማንነታችንን እንደገና እንድናረጋግጥ ጠየቀን፤ «ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ወደ ኢሜይልዎ ልከናል» የሚል ጽሑፍ በየስክሪኑ ተደረደረ፤ ቁጥሩ የተላከው ግን ከቅዳሜ ጀምሮ መሥራት ወዳቆመው አድራሻ ነበር። ወደ አይቲ ክፍል ሮጥኩ። ኃላፊው ዐይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ ለውጡ አስቀድሞ በማስታወቂያ መገለጹን ነገረኝ። ማስታወቂያው የት እንደወጣ ብጠይቀው በኢሜይል መላኩን፣ ወደየትኛው አድራሻ ብለው ደግሞ ወደ አዲሱ መሆኑን መለሰልኝ። የአዲሱ አድራሻ የይለፍ ቃል ያኔ ገና ለማናችንም አልተሰጠም ነበር። የድሮው ለሁለት ሳምንት ብቻ ተመልሶ እንዲከፈትልን ብለምነው ቅጽ ሞልቼ እንድጠብቅ አዘዘኝና ስልኩን አነሣ። መድረኩ በበኩሉ በስድስተኛው ቀን እጅግ በጨዋነት ጽፎልኝ፣ ጥያቄዬን ከተመዘገበው ኢሜይል እንድልክለት ጠየቀኝ።

ከ34ቱ መካከል ሥራዋ በእጇ የተገኘው አንዲት ተማሪ ብቻ ነበረች። በየሳምንቱ ዓርብ የሠራችውን እያወረደች በፍላሽ ትይዝ ነበር፤ የክፍሉን ጊዜ ታባክኛለሽ ብዬ የተቆጣኋት ደግሞ እኔው ነኝ። የእርሷም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልዳነም፤ ያወረደችው በፒኤንጂ ብቻ ስለነበር ፖስተሯ ላይ የተሳሳተ ቀን ብናገኝ ጽሑፉ ምስል ሆኖ ስለቀረ ልናርመው አልቻልንም፤ ቀኑን ሸፍነን በላዩ ሌላ ለጠፍንበት። የቀሩት 33ቱ ከትዝታቸው እየቀዱ በዘጠኝ ቀናት ውስጥ በኢንክስኬፕ እንደገና ሠሩ፤ የ27ቱ ግድግዳ ላይ ወጣ። ይህን ስናገር እንደ ጉራ አይቁጠሩብኝ እንጂ፣ ሁለተኛው ሥራ ከመጀመሪያው የተሻለ ነበር፤ የመድረኩ ዝግጁ ቴምፕሌት ስለሌለ ርእሱን የት እንደሚያሳርፉ ራሳቸው መወሰን ነበረባቸው።

እርስዎም ካንቫን ይምረጡ ፊግማን ወይም ሌላ የኦንላይን የዲዛይን መድረክ፣ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት ግማሽ ሰዓት ሰጥተው ይህን ይሞክሩ። ርእስ፣ ምስልና አንድ አንቀጽ ያለበት ፖስተር ይሥሩ፤ በኤስቪጂ (በቬክተር ፋይል ዓይነት) እና በፒዲኤፍ ያውርዱት፤ ኢንተርኔቱን ያጥፉና በኢንክስኬፕ ይክፈቱት። ጽሑፉ ፊደል በፊደል ሊታረም ይችላል ወይስ ወደ ቅርጽነት ተለውጧል? ሌየሮቹስ (የሥራው ድርብርብ ንብርብሮች) ተለያይተው ይታያሉ ወይስ አንድ ምስል ሆነዋል? ኤስቪጂ ማውረድ በክፍያ ብቻ ከሆነም ያኔውኑ ያውቁታል። በቡድን በኦንላይን መሥራት የግድ ካስፈለገዎት ፔንፖትን ይመልከቱት፤ ምንጩ ክፍት ነው፣ ኤስቪጂን መሠረት ያደረገ ነው፣ የተቋሙ ሰርቨር ላይ መጫንም ይቻላል፤ የአይቲ ክፍልዎ ከእኛው የተሻለ ከሆነ ማለቴ ነው።

የተራ ቁጥሩን ነገር ትቼዋለሁ፤ ምስልን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ዊኪሚዲያ ኮመንስ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ስብስቡን የከፈተው የሜትሮፖሊታን ሙዚየም እና በ2020 የተከተለው ስሚዝሶኒያን ለመማሪያ የሚሆን እጅግ ብዙ ምስል አላቸው፤ ሁለቱ ሙዚየሞች «ሲሲ ዜሮ» (የባለቤትነት መብትን የሚተው ፈቃድ) ብለው የለቀቁትን ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ መጠቀም ይቻላል። በኮመንስ ላይ ግን የእያንዳንዱን ፋይል ፈቃድ ማንበብ ግዴታ ነው፤ አንዱ የባለቤቱን ስም መጥቀስ ብቻ ሲጠይቅ፣ ሌላው የእርስዎም ሥራ በተመሳሳይ ፈቃድ እንዲወጣ ያስገድዳል። ፈቃድም ይለወጣል፤ ነፃ ፎቶ የሚያቀርቡት ድረ ገጾች አንስፕላሽ በ2017፣ ፒክሳቤይ በ2019 ከሲሲ ዜሮ ወጥተው የየራሳቸውን ፈቃድ አውጥተዋል። ስለዚህ ተማሪዎቼ ከእያንዳንዱ ምስል ጎን ምንጩን፣ ፈቃዱንና የወረደበትን ቀን የያዘ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣሉ፤ ይህም ከሥራቸው ጋር በየሳምንቱ ዓርብ ወደ ላቡ ሃርድ ዲስክ ይገለበጣል፤ ያልገለበጠ ተማሪ የሳምንቱ ውጤት አይያዝለትም።

ለአይቲ ክፍሉም በመንፈቀ ዓመቱ መጀመሪያ በደብዳቤ ይጻፉ፤ የኢሜይል ለውጥ የታሰበ እንደሆነ በጽሑፍ እንዲያሳውቅዎ ይጠይቁና ቅጂውን ይያዙ። እኔ ያን ቅጽ ከሞላሁ ሦስት ወር ቆይቼ ምን ላይ እንደደረሰ ብጠይቅ፣ ጥያቄዬ ተቀባይነት ማግኘቱ በወቅቱ ተጽፎልኝ እንደነበር ተነገረኝ፤ የተላከውም ወደ ድሮው አድራሻዬ ነበር።