«መምህሯ ከአቅሜ በላይ ነው አለች፤ አባቱ ደግሞ ቤት ይዋል ይላል»

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። የ8 ዓመት ልጄ አንደኛ ክፍልን እየደገመ ነው። ሲጠሩት ቶሎ አይመልስም፤ ንግግሩም ጥርት ያለ አይደለም። ክረምት ሲገባ ጆሮው ይመግላል። መምህሯ «ከአቅሜ በላይ ነው፣ ሌላ ቦታ ፈልጊለት» አለችኝ። ባለቤቴ «የሰው መሳቂያ ከሚሆን ቤት ይዋል» ይላል። አማቴ እርግማን ነው ብለው ጠበል ውሰጂው ይሉኛል። በዚህ ሳንጨቃጨቅ ያደርንበት ቀን የለም።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከደብዳቤዎ ልቤ ላይ የቀረው ስለ ጆሮው የጻፉት ነው። ቤት ውስጥ የምትከራከሩት ችግሩ ከየት መጣ በሚለው ነው፤ ልጁ ደኅና ይሰማ እንደሆነ ግን ገና አልታየም። ጆሮው የሚመግል ልጅ ታምቡሩ ሊበሳ፣ መስማቱም ሊቀንስ ይችላል። ድምፅ ጨርሶ አይጠፋበትም፤ የቃል መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ነው የሚያመልጠው። አንድ ቀን ሰምቶ በማግስቱ ዝም ስለሚል ሰው «እልኸኛ» ወይም «ዘገምተኛ» ይለዋል።

ቤቱ ጸጥ ሲል ከጀርባው አንድ ሜትር ያህል ርቀው ይቁሙ፤ አፍዎን አይይ። አንዱን ጆሮውን በጣቱ ይድፈንና በሹክሹክታ «ማንኪያ»፣ «በግ»፣ «ሰባት» እያሉ ያስደግሙት፤ ከዚያ ሌላውን ጆሮ ይሞክሩ። ይህ ምርመራን አይተካም። ሁሉንም ቢደግም እንኳ የሚመግል ጆሮ በሐኪም መታየት አለበት። ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈው ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ያቅርቡት፤ የመስማት ምርመራም ይጠይቁ።

ሐኪም ዘንድ ግን አባቱ ይውሰደው፣ ቢያንስ አብራችሁ ሂዱ። የሐኪሙን ቃል እርስዎ ብቻ ይዘው ከመጡ ሌላ የጭቅጭቅ ርእስ ይሆናል። «ቤት ይዋል» ማለቱም ከጥላቻ የመጣ አይመስለኝም፤ ልጁ ሲሳቅበት ማየት አልቻለም። «ታፍርበታለህ» ብለው አይጀምሩ። ልጆች ከተኙ በኋላ «እንዳይስቁበት እኔም እፈራለሁ፤ ማክሰኞ ጆሮውን እናሳይለት» ይበሉት። የእርግማኑን ነገር ያን ማታ አያንሡት።

አማትዎንም አይጋፏቸው። ጠበሉን ይጠጣ፤ ሲጠመቅ ግን ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ ጆሮው ላይ ያድርጉለት፣ የታዘዘለትንም መድኃኒት አያቋርጥ። ለጥምቀት ፋሲለደስ መጠመቂያ ወርዶ ውኃ ሲረጭም እንዲሁ ነው። ዘይትም ሆነ የቅጠል ጭማቂ ጆሮው ውስጥ አይጨምሩ፤ ታምቡሩ ከተበሳ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

መምህሯ በቃል ያለችው ልጅዎን ከትምህርት ቤት አያስወጣውም። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በአንቀጽ 24፣ ማንም ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለል ይደነግጋል። የሐኪሙን ማስረጃ አባሪ አድርገው ለርዕሰ መምህሩ የአንድ ገጽ ማመልከቻ ይጻፉ። «እርዱልኝ» ብቻ ካሉ «እሺ» ተብለው ይመለሳሉ፤ የሚፈልጉትን ለይተው ይጻፉ፦ ፊት ወንበር እንዲቀመጥ፣ ደኅና የሚሰማው ጆሮ ወደ መምህሯ እንዲዞር፣ ከመንገድ ዳር መስኮት እንዲርቅ፣ መምህሯ ሰሌዳ ላይ እየጻፈች ሳይሆን ወደ እሱ ዞራ እንድትናገር፣ ትእዛዝ አንድ በአንድ እንዲሰጠው። የልዩ ፍላጎት መምህር ካለ የግል የትምህርት ዕቅድ እንዲዘጋጅለት ይጠይቁ።

ማመልከቻውን መዝገብ ቤት ገቢ አስደርገው ቁጥርና ቀን ያለበትን ቅጂ ይያዙ። ብዙ ወላጅ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ ወደ ክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ወደ ከተማው ትምህርት መምሪያ ሲሄድ ማመልከቱን የሚያሳይበት ወረቀት የለውም።

ጆሮው ደኅና ሆኖ ከተገኘ የንግግርና የአእምሮ ዕድገት ምርመራ ይቀጥላል፤ የመማር መብቱ ያው ነው።

እስከዚያው ቤት ውስጥ ማንም ከጀርባው አይጥራው። ትከሻውን ነክታችሁ፣ ፊቱን ሲያዞር ተናገሩ። ይህን አባቱ ለአንድ ሳምንት ይሞክረውና ልጁ ስንት ጊዜ እንደመለሰለት እሱ ራሱ ይቁጠር።