እናታችን ጥቅምት 12 ዐረፈች፤ ተዝካሯን እንዴት እናውጣ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልዎት። እናታችን ጥቅምት 12 ቀን ዐረፈች። አባታችን የሞተው እኔ ሕፃን ሳለሁ ስለሆነ ስድስታችንንም ያሳደገችን እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ተነሥታ ምጣድ ስትጥድ የጭሱ ሽታ ነበር የሚቀሰቅሰን። ከመጀመሪያው ሊጥ የምታወጣትን እንጎቻ ለእኛ አትሰጠንም ነበር፤ በር ላይ ለሚመጣ ሰው ታስቀምጣለች። በወር በወሩ 21 ቀን የእመቤታችንን ዝክር አስታጉላ አታውቅም። አሁን አርባዋ ደረሰ። ታላቅ ወንድሜ «በሬ እንጣል፣ ድንኳን እንትከል፣ ሰፈሩን በሙሉ እንጥራ» ብሎ ገንዘብ ሊበደር ተነሥቷል። ዋሽንግተን ያለችው እኅቴ ደግሞ «ድግሱም ሆነ ጸሎቱ ለሞተች ምን ይረባታል?» ትላለች። እኔ መካከል ላይ ቀረሁ። ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው፤ የሠርግና የለቅሶ ትእዛዝ ሲበዛባት ቅዳሴ የቀረችባቸው እሑዶች ብዙ ናቸው። ይህ በነፍሷ ላይ ይቆጠርባት ይሆን? እንቅልፍ ነሥቶኛል።

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ የእናታችሁን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን።

እንቅልፍ ከነሣሽ ነገር ልጀምር። ሥራ ቅዳሴን ይተካል ብዬ አላጽናናሽም፤ እንዲህ ያለ ትምህርት የለንም። ነገር ግን መጽሐፈ ምሳሌ በመጨረሻው ምዕራፍ ልባሟን ሴት ሲያመሰግን ምን ብሎ እንደሚያመሰግናት ተመልከቺ። ገና ሌሊት ሳለ ትነሣለች፣ ለቤቷ ሰዎች ምግብ ታዘጋጃለች፣ ጣቶቿ እንዝርት ይይዛሉ። ወዲያው በሚቀጥለው ቁጥር ያችው እንዝርት የያዘች እጅ ወደ ድሀ ትዘረጋለች። እናትሽ ሌሊት 9 ሰዓት ምጣድ የጣዱት ስድስት አባት አልባ ልጆችን ሊያጎርሱ ነው፤ እንጎቻዋንም ለእንግዳ ያስቀመጡት በዚያው በደከመ እጃቸው ነው። «ተርቤ አብልታችሁኛል» ያለው ጌታ ይህን የማያይ ይመስልሻል?

ይህን ስጽፍልሽ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። በጎጃም ቅኔ ስማር ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳዬን አንግቼ፣ ውሻ እየተከላከልሁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ ከደጅ ደጅ እዞር ነበር። አንዲት ሴት ነበሩ፤ ስማቸውን ጠይቄ አላውቅም። እጃቸው ላይ ሊጥ እንደ ደረቀ ከጭስ ቤት ብቅ ብለው ትኩስ እንጎቻ አኩፋዳዬ ውስጥ ይጥሉልኛል፤ ከዚያ ምጣዱ እንዳያርርባቸው ሮጠው ይመለሳሉ። እኔ ዛሬ ቆሜ ወንጌል የማስተምረው እኒያ ሴት ባበሉኝ እንጀራ ነው። እርሳቸው ራሳቸው ስንት እሑድ አስቀድሰው እንደሆነ አላውቅም። ከቅዳሴ በኋላ ስለ ሙታን ስጸልይ ግን አንድም ቀን አልረሳኋቸውም።

ፍርዱ የእግዚአብሔር ነው። ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት የምታደርገውም ስለዚሁ ነው። ለጳጳሱም ለእንጀራ ጋጋሪዋም እኩል ምሕረት ትለምናለች፤ ጉድለት የሌለበት ሰው የለምና። አንቺም ያንን ጉድለት በልብሽ እያመላለስሽ ከምትጨነቂ ይዘሽው ወደ ቤተ መቅደስ ግቢ። እናትሽ የቀሩባቸውን እሑዶች አሁን አንቺ ቁመሽ አስቀድሺላቸው።

ለእኅትሽ ይህን ንገሪያት። ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 20 እግዚአብሔር የሕያዋን አምላክ ነው እንጂ የሙታን አይደለም፣ ሁሉ ለእርሱ ሕያዋን ናቸው ብሏል። እናታችሁ ለእኛ ዐረፉ እንጂ ለእርሱ ጠፍተው አያውቁም። ለሕያው ሰው መጸለይ ይጠቅማል ካልን፣ በእርሱ ዘንድ ሕያው ለሆነ ሰው መጸለይ እንዴት አይጠቅምም? መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 7 ለሞተ ሰው ቸርነትን እንዳንከለክል ያዝዛል። 3ኛውን ቀን የምናስበው ጌታ የተነሣበት ስለሆነ ነው፤ 40ኛውን ያረገበት ስለሆነ ነው። የድንኳኑን ነገር በሚመለከት ግን እኅትሽ እውነት አላት፤ ነፍስን የሚረባት ድንኳን አይደለም።

ወደ ወንድምሽ ልመለስ። ከጥቅምት 12 ጀምረሽ ብትቆጥሪ 40ኛው ቀን ኅዳር 21 ላይ ይውላል። ኅዳር ጽዮን ነው! እናትሽ ዕድሜ ልካቸውን የዘከሩበት 21 ቀን። እንግዲህ ከዚህ የበለጠ ምን ትፈልጋላችሁ? ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ በዓሉ ታላቅ ቢሆንም ሥጋና ቅቤ አይበላም፤ በሬውም አይታረድም። «ፍስክ እስኪገባ ይቆይ» ቢል አትስሙት። ጸሎቱ በቀኑ ይደረግ፤ የፍትሐቱን ሰዓት ከደብራችሁ ካህናት ጋር ተነጋገሩ። ከዚያ ዳቦ፣ ንፍሮ፣ ሽሮና ምስር አዘጋጁ። እንጀራውን ከገበያ አትግዙ፤ በእናታችሁ ምጣድ እናንተ ልጆቿ ጋግሩት።

ብድሩን ደግሞ እለምናችኋለሁ፣ ተዉት። ለተዝካር የእርሻ በሬ ተሽጦ በዓመቱ መሬቱ ጦም ያደረበትን ቤት በዓይኔ አይቻለሁ። ልጆቻቸው እንዳይራቡ ዕድሜያቸውን ምጣድ ሥር የጨረሱ እናት፣ በስማቸው ልጆቻቸው ባለዕዳ ሲሆኑ ደስ አይላቸውም። ጌታ በሉቃስ 14 ግብዣ ስታደርግ ብድር የሚመልሱልህን አትጥራ፣ ድሆችን ጥራ ይላል። ወንድምሽ ሊጠራው ያሰበው ሰው ነገ በተራው የሚጠራው ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የተቀመጡትን ግን ማን ይጠራቸዋል? ወንድምሽን አትቆጪው፤ እናቱን አክብሮ ነው፤ ክብሩ ወዴት መሄድ እንዳለበት ብቻ አሳዪው።

ስለ ሕይወታቸው የሚነበብ ጽሑፍ ካዘጋጃችሁ፣ ለማንም የሚሆን የውዳሴ ቃል አትደርድሩ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ጣቢታ በኢዮጴ ስትሞት፣ መበለቶቹ ጴጥሮስን ከብበው ያለቀሱት በእጇ የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ እያሳዩ ነው። እናንተም ሊጡን፣ ጭሱንና እንጎቻውን ተናገሩ። መጽሐፈ ጦቢትንም በምዕራፍ 4 አንብቡት፤ ሽማግሌው ልጁን እናቱ በሆዷ ሳለ ያየችለትን መከራ እንዲያስብ ሲያዝዘው ታገኙታላችሁ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልጠይቅሽ። የእናትሽን የክርስትና ስም ታውቂያለሽ? ብዙ ልጆች ተዝካር ሊያስቆጥሩ መጥተው ካህኑ ስሙን ሲጠይቃቸው አፋቸው ይያዛል። ፍትሐቱም ቅዳሴውም የሚደረገው በዚያ ስም ነውና፣ ከዘመድ ወይም ከንስሐ አባታቸው ጠይቀሽ ዛሬውኑ ጽፈሽ ያዢ።

የጽዋ ማኅበርም ይኖራቸዋል ብዬ እገምታለሁ፤ በወር 21 ዝክር የማያስታጉል ሰው አይታጣውም። ካላቸው ከማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም ከመሪው ጋር ተነጋገሪ። የእናት ስፍራ ለልጅ ይተላለፋል፤ ኅዳር 21 ጽዋው ሲዞር እናትሽ ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ላይ አንቺ ተቀመጪ፤ ተራቸው መቼ እንደሚደርስም ጠይቂና እንጎቻዋን አስቀምጪ።