መልስ፦ የመሃሉን ግድግዳ ማፍረስ ይቻላል ወይ?

ደሴ ያለውን አሮጌ የጭቃ ቤት ለሰፈሩ ልጆች ማንበቢያ ስታደርጉት የመሃሉን ግድግዳ ማፍረስ ይቻል እንደሆነ ጠይቀሃል። ጭቃውን አንሱት፤ ቋሚውን እንጨት ግን ሳታዩ እንዳትነኩት።

ኮርኒሱን በአንድ ጥግ ቅደዱና በባትሪ ወደ ላይ እዩ። የጣሪያው እንጨት እዚያ ግድግዳ ላይ ካላረፈ ሙሉውን ማንሳት ይቻላል። ካረፈ ማገሩንና ጭቃውን ብቻ አውጡ። ቋሚዎቹ እንደ ዓምድ ይቀራሉ፤ በመካከላቸው የመጽሐፍ መደርደሪያ ትሠራላችሁ። ጭቃው ቤቱን እንዳይወዛወዝ ይዞት ስለነበር፣ ከማፍረሳችሁ በፊት ላይኛው ጥግ ላይ ሰያፍ እንጨት ምቱ። የቋሚዎቹንም እግር ቆፍራችሁ በቢላ ውጉት። ቢላው ዝም ብሎ ከገባ ምስጥ ጨርሶታል፣ ይቀየር።

በሩ ወደ ውጭ ይከፈት። ለዊልቸር መወጣጫም አስቡ፦ መግቢያው 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ 3.6 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ ግድግዳውን በሲሚንቶ እንዳትለስኑት። እኛ ሐይቅ አካባቢ አንድ ቤት ስናድስ "ያምራል" ብለን ለሰንነው። በጋውን እንደ መስታወት ነበር። ክረምቱ ሲወጣ በጣቴ መታ መታ ባደርገው ከበሮ ሆኗል። ልስኑን ስናነሳው ከኋላ ያለው ጭቃ ገንፎ! እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ነው። ጭድ ገብቶበት የሰነበተ ጭቃ ለስኑና ኖራ ቀቡት። አሸንዳውንም ከሐምሌ በፊት ስቀሉ፤ የጦሳ ተራራን ዝናብ መቼም ታውቀዋለህ።