መልስ፦ በ165/70 ፋንታ 185/70 ጎማ ይሆናል ወይ?

ወንድሜ፣ ለቪትዝህ 165/70 አር 14 ስታጣ ሻጩ 185/70 አር 14 ውሰድ ብሎሃል። እባክህ አትውሰድ። 14 የቸርኬው መጠን በኢንች ስለሆነ ቸርኬው ላይ ይገባል፤ ችግሩ ቁመቱ ነው። 165 ወይም 185 የሚለው የጎማው ወርድ በሚሊሜትር ነው፤ 70 ማለት ደግሞ የጎማው ጎን ከፍታ የወርዱን 70 በመቶ ያህላል ማለት ነው፤ ወርዱ ሲሰፋ ቁመቱም አብሮ ያድጋል። ያንተ ጎማ ሙሉ ቁመቱ 587 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ እሱ የሚሸጥልህ 615። መሪውን እስከ መጨረሻ ስትጠመዝዝ ወይም ሰው ጭነህ ጉድጓድ ስትገባ ፓራፋንጎውን ሊፍቅ ይችላል። የፍጥነት ቆጣሪው 100 ሲልህ ደግሞ በእውነቱ 105 ላይ ነህ።

175/65 አር 14 ፈልግ፤ የቁመት ልዩነቱ 4 ሚሊሜትር አይሞላም። ከመጠኑ ቀጥሎ የተጻፈው የክብደት ቁጥር (ጎማው የሚችለውን ጭነት የሚያሳየው) ከድሮው እንዳያንስ። የተሠራበትንም ጊዜ እይ፦ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው፤ ክሩ ያልተነካ ቢሆንም ያረጀ ጎማ አትግዛ።